ድስቱ የለበሰው

ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን፣ የገና ዋዜማ፤
አምና በዚህ ሰዓት “ጧ!” ብሎ ጨለማ
አምስታችንንም ዋጠን፣
አንድ ቆጣሪ ላይ አምስት ምድጃ ሰክተን።
የምንትዋብ ዶሮ ከነጥሬው አደረ፣
“ማን ነው ያበዛው?” ተባብለን ነገሩ ከረረ።
(ማሞቂያ ደብቄ የሰካሁት እኔ ነኝ።
እስከ ዛሬ ድረስ ማንም አላወቀኝ።)

ዘንድሮ እትዬ አስካለ
“ቅር የሚለው ካለ
አሁን ይናገረኝ፤ ተራ ይውጣ” አሉ፣
የብስኩት ካርቶን ላይ ሰዓት እየከፈሉ፦
ለምንትዋብ ከስምንት እስከ አሥር፣
ለተማሪዎቹ እንቁላል ሩብ ሰዓት ብድር፣
ለእኔ እስከ አሥራ ሁለት፤ ለራሳቸው ግና
አንዲት ሰዓት ብቻ። አይበቃም አልኩና
ቆሜ አየሁ።

ወጡ ገንፈል ሲል ምድጃውን ነቀሉ፤
ከሣጥን አወጡ፣ ሳይቸኩሉ፣
የጡረታቸውን ቀን የተሸለሙትን፣
ባለ ቀይ ጥለቱን ብርድ ልብሳቸውን።
ድስቱን ጠቀለሉት ልክ እንደ አራስ ልጅ።
“ሱፍ ሙቀት አይወልድም፣ ይጠብቃል እንጂ፤
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ቆሜ
ይህችን አተረፍኩ ከዚያ ሁሉ ዕድሜ።”

ከቅዳሴ ስንመለስ፣ በዘጠኝ ሌሊት፣
ጣታችን ደርቆ እንደ እንጨት፣
ሲፈታ ድስቱ
መነጽሬን ጋረደው እንፋሎቱ።
ቆጣሪው ዝም ብሏል። ምንትዋብ አጎረሰችኝ፤
የአምናው ነገር አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፣
ከጉርሻው ጋር ዋጥኩት።

እትዬ አስካለ ግን ማንንም ሳይጠብቁ
በርበሬ በርበሬ የሚሸት ብርድ ልብሳቸውን
ገና ሳይበርድ ታቅፈው፣ ዘጉ በራቸውን፦
“ይኸም አይባክን።”