ሐይቅ ሰማያዊ ነው

የልጄ ደብተር ላይ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣
አንድ ኤክስ አገኘሁ ከዳር ዳር ተዘርግቶ።
ከሥሩ የመምህሯ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦
«ሐይቅ ሰማያዊ ነው። ሐይቅ ሣር ያበቅላል?»

የቤት ሥራው፦ ከቤታችሁ ቅርብ ያለውን ሳሉ።
ኤልዳና የሳለችው አረንጓዴ ነው ሙሉ በሙሉ፤
ዳር የሌለው ሜዳ፣
ሐምራዊ አበባ የተከመረበት እንደ ዕዳ፣
መሃሉ ላይ አንዲት ጀልባ፣ ሣር ውስጥ የቆመች፣
እንደታሰረች ላም መሄዱን የተወች።

ከእኛ እስከ ሐይቁ ዳር እርምጃው ሦስት መቶ፤
መካከሉን ሆቴል ይዞታል ግንብ አንሥቶ፣
ለሙሽሮች ፎቶ ሣር ተክሎ፣ ውሃ አጠጥቶ።
እሷ የምታየው ከልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ ጄሪካን ላይ ቆማ፣
መዳፍ በምታህል መስኮት፣
ማዕበሉን ከባጃጅ ጩኸት ለይታ ሳትሰማ።

ጎረቤቴ ወርቅነህ «ስልኩ ነው» ይለኛል፤
«ልጅ የበላው ስልክ ነው፣ ጣለው» ይመክረኛል።
ስልኩንማ የሰጠኋት እኔው ነኝ፣ እራት እስኪደርስ።
ግን ከስልኩም በፊት፣ ገና ስትድህ፣
ጣቷን ወደ ውሃው ቀስራ «እሱ፣ እሱ» ስትል፣
«ጉማሬ አለ» አልኳት።
«አልቅት አለ» አልኳት።
ቢልሃርዚያን በስሙ አስተማርኳት።
በሦስት ዓመቷ ቢልሃርዚያን ታውቅ ነበር።
ዓሣ ግን ለሷ ሎሚ የተቀመጠበት ሳህን ነው፤
አምባዛ ከቆሮሶ በምን እንደሚለይ
አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት።

እኔ በሷ ዕድሜ
ውሃውን ቀምሼ ግልገል አባይ መሙላቱን አውቅ ነበር፤
በሐምሌ አፈር አፈር ይላል።
ይብራዎች ዓሣ ሲከቡ፣ ክቡ እየጠበበ ሲሄድ፣
ትንፋሼን ይዤ እጠብቅ ነበር።
ታንኳ ሠሪው እንድሪስ ደንገሉን እየጠፈረ
ሥሩን ልጦ ይሰጠን ነበር እንድናኝክ፣
እኩል ለሁለት ቆርጦ፣
ለእኔና ለታላቄ።

ታላቅ ነበረኝ።
ቢያድግልኝ ነበር ያለችው እናቴ።
በነሐሴ ማዕበል ታንኳ ተገለበጠ፤
ከዚህ በላይ አልችልም።
ስሙን ቤታችን ውስጥ ማንም እንዳይጠራው ሸሸግን፤
ለካ ስሙን ስሸሽግ
ውሃውንም አብሬ ጠቅልዬው ኖሯል።

ቅዳሜ፣ ሥዕሉን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና
«ጫማሽን አድርጊ፣ እንሂድ» አልኳት።
የሆቴሉ ዘበኛ «ለምን ነበር?» አለኝ።
«ለውሃ።»
«የታሸገ ውስጥ አለ፣ ግቡ።»
ሁለት የማንጎ ጭማቂ ገዛን፤
እስከ ዳሩ ለመውረድ ዋጋው ያ ነው።

እምቦጩ ግንቡን ተደግፎ አብቧል፤
ሐምራዊው፣ አረንጓዴው፣ የቆመችው ጀልባ፣
ሁሉም እንደ ሥዕሉ።
«ይኸው አባ፣ አልዋሸሁም እኮ!»
አልዋሸችም። ሰማያዊ የምንለው
እኔና መምህሯ ነን፣
ሳናይ፣ በቃላችን።

በእንጨት ገፋሁት፤
ክንድ የማይሞላ ውሃ ተከፈተ፣
ወተት የበዛበት ሻይ የመሰለ።
እጇን ነከረች። ወዲያው አወጣች። «ይሞቃል!»
መልሳ ነከረች።

ቅጠሉ ላይ አንድ ወፍ፣ ጣቱ የረዘመ፣
ሳይሰምጥ ይራመዳል።
«ስሙ ማነው?»
አውቀው ነበር። ሠላሳ ዓመት አለፈው።
ምላሴ ጫፍ ላይ የመጣው ሌላ ስም ነው፤
«ቢያድግልኝ» አልኳት።

«ቢያድግልኝ! ቢያድግልኝ፣ ና!»
ጮኸች፣ ውሃው ላይ፣ ባላት ድምፅ ሁሉ።
ወፉ አልሸሸም፤ ከቅጠል ቅጠል ይረግጣል።
እሷ ወደ ፊት ታዘነብላለች፤
እኔ የሹራቧን ጀርባ ጨብጫለሁ።