ሰባኛዋ ደቂቃ

ቴላቪቭ ነው ሥራዬ፤ አያት እስላለሁ፤
በሰከንድ ሃያ አራት ፊቷን አድሳለሁ።
ዘንድሮ የደረሰኝ የሽመላ ዘመድ፣
ክንፍ እያለው የቀረ በአንዲት አሮጊት ገመድ፤
«በረሃ አትሻገሩ፣ ከጎጆዬ አትውጡ፣
በዐይኔ ሥር ብሉ፣ በዐይኔ ሥር ተቀመጡ።»

የሥነ ልቦና አማካሪ ተቀጥሮልን መጣ፣
በነጩ ሰሌዳ ላይ ሦስት ክብ አወጣ፤
አቃፊ እናት፣ ዋጭ እናት፣ ዐዋቂ እናት፤
«ሴትየዋን» አለን «ከአንዱ ክብ ክተቷት።»
ዳይሬክተሩ ኦፊር ቸኩሎ፣ «ዋጭ ትሁን» አለኝ፣
«ሰባኛዋ ደቂቃ ላይ ግን አንድ እንባ ሳዪልኝ።
በወጀብ የጠፋ እንቁላል ነበራት፤ ያ ይውጣ፤
ታልቅስ፣ ይቀፏት፣ ከዚያ ሰማዩ ይምጣ።»

ሰንበት ሲወጣ ባቡር ተሳፍሬ ቂርያት ጋት ወረድሁ።
አሳንሰሩ እንደ ወትሮው ቆሟል።
ሦስት ፎቅ በእግሬ።
እናቴ ትርንጎ፣ የዳስ በዓል ፍሬዋ፣
እዚህ አገር ኤትሮግ የሚሏት፣
ከእህቴ ልጅ ከኖጋ ጋር ሶፋው ላይ ተጣብቃ
የልጆች ፊልም ታያለች።
ዕብራይስጡ ይፈጥንባታል፤
ፊት ግን ታነባለች።

ላፕቶፔን ከፍቼ አሮጊቷን አሳየኋት፤
ድምፅ የላት፣ ቀለም የላት፣ ገና እርሳስ ናት።
መነጽሯን አደረገች። ዝም አለች። ከዚያ፣
«እቺ ሴትዮ ጉልበቷን አያማትም?
ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትቆጣ፣ መቼ ነው የምትቀመጥ?
ስሟስ ማን ነው? አያት፣ አያት ትሏታላችሁ፤
እናቷ ያወጣችላት የላትም?»

አላወጣንላትም።

«ቆይ፣ ታለቅሳለች» አልኋት፣ «ሰባኛዋ ደቂቃ ላይ፣
እንቁላሏ የጠፋበት ሌሊት ይወጣል አደባባይ።»
ሳቀች። አሳሳቋን አልወደድሁትም።
«ልጆቿ ፊት?
እኛ እንዲያ ያለ ነገር ሲመጣ
ሽንኩርት ነበር የምንከትፈው።»

ኖጋ ጣቷን ስክሪኑ ላይ ቀሰረች።
«ሳቭታ፣ ለምንድን ነው በአንድ እግሯ የቆመች?»
እናቴ እንደ ከባድ ሒሳብ አሰበችበት።
«አንዱ ይረፍ ብላ ነው።
መንገድ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።»

መኝታ ሲደርስ በራፉ ላይ ጫማ ትቆጥራለች።
ልጅ ሆኜም እንዲሁ ነበረች፤
በሌባ ጣቷ፣ በሹክሹክታ፣ በአማርኛ፣
የአባቴን የፋብሪካ ጫማ፣ የወንድሜን የወታደር ቡት፣
ያንዱን ጥንድ፣ የሌላውን ጥንድ፣
ሁልጊዜ ዘጠኝ ላይ ታቆማለች።
ስምንት ነበርን።
አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ፣ አንድ ቀን፣
«ዘጠነኛው የማን ነው?» አልኋት።
«የእንግዳ።»
«የትኛው እንግዳ?»
መብራቱን አጥፍታው ነበር።

በፋሲካ ሰባ ሞላት። ምንም በር አልተከፈተም፤
ማንም መጥቶ አላቀፋት፣ ሰማዩም አልመጣም።
ዛሬ ያደርነው ሦስት ነን፤
ፍራሼ ላይ ሆኜ ሰማኋት፤
«አራት» አለች፣ ቁልፉን አዞረች።

እኔም ሌባ ነኝ።
እሑድ ጠዋት ያንን ጣት ለሽመላዋ ሰጠኋት፤
ጎጆው ሲተኛ ዞራ የጫጩቶቿን እግር ትቆጥራለች፣
መጨረሻው ላይ፣ ባዶው ጭድ ዘንድ፣
መንቁሯ አንድ ጊዜ ዝቅ ይላል።
አራት ሰከንድ። ዘጠና ስድስት ሥዕል።
እንባ የለውም።

ኦፊር ሦስቴ አስደገመኝ።
«ምን ማለት ነው? ተመልካች አይገባውም።»
አማካሪው ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየ፣
የማርከሩን ክዳን ከፈተ፣
መልሶ ገጠመው።

እስካሁን አልቆረጡትም።
ፋይሉ ስም ይፈልጋል ሲሉኝ
«ኤትሮግ» ብዬ ጻፍሁ።
በዓል የደረሰ መሰላቸው።