ጥላ ቢስ ወራት

ኅዳር ሲጠናቀቅ፣ ፀሐይ ተራራውን ተሻግራ ትሄዳለች፤
ስካርቮያ ደሴት እስከ ጥር አጋማሽ ያለ ጥላ ታድራለች።
ጀልባው ጥላ የለው። የደወሉ ማማ ጥላ የለው።
ዓሣ የምንሰቅልበት ቆጥ እንኳ፣ በረዶው ላይ የሚጥለው
አንዳች መስመር የለው።
ሰዉ ሁሉ ጥላ ቢስ።

እኔ ቱርዲስ፣ ኦርጋን መቺዋ፣ ስልሳ አንድ ዓመቴ፣
ይህን ወቅት እወደው ነበር፣ በር ዘግቼ በቤቴ።
የሚከተለኝ የለ፣ የሚቀድመኝ የለ፣
እግሬ ሥር ተኝቶ «አለሁ» የሚለኝ የለ።

ዘንድሮ ግን መብራት ጠፋ፤
ማዕበሉ ምሰሶውን ነቅሎ፣ ሽቦው ባሕር ውስጥ ተደፋ።
የአባቴን ፋኖስ ከምድር ቤት አውጥቼ፣ ክሩን ከርክሜ፣
ክብሪት ጭሬ ዞር ስል፣ ግድግዳው ላይ፣ ከቁመቴ በላይ ቆሜ!
ደነገጥኩ አልልም። አፈርኩ ነው የሚባለው፤
ገላውን ሲታጠብ በር እንደከፈቱበት ሰው።

ፋኖሱን ዝቅ ሳደርግ፣ እሷ አደገች፤
ከፍ ሳደርግ፣ ወንበር ሥር ገብታ እንደ ውሻ ጠበቀች።
ፓስተር ሃልስቴን በመከር፣ ስለ ጨለማ ሲሰብኩ
«ሽሹት» ነበር ያሉን፤ እኔም አሜን ብዬ ተባረኩ።
ግን በአምስት ክንድ ክፍል ውስጥ ሰው ወዴት ይሸሻል?
ሁለተኛ ወንበር ሳብኩ። «ተቀመጪ» አልኳት፣ «ይሻላል።»

ሁለት ሌሊት ዝም አለች። ጥላ ነቻ፤ ምን ትናገር?
በሦስተኛው እኔው ጀመርኩ። «አባቴ…» ብዬ ቆምኩ። እኛ ቤት ሁሉ ነገር
ሆድ ይፍጀው ነበር፤
ሆድም ሲፈጀው ኖሯል፣ አመዱ ግን ወጥቶ አያውቅም ነበር።
እናም በቀስታ፣ ዓሣ እንደሚበልት ሰው፣ ከሆዱ ጀመርኩት፦

ዐሥራ ሁለት ዓመት አስታመምኩት።
አጠብኩት፣ ገለበጥኩት፣ በማንኪያ አጎረስኩት፤
መንደሩ «እንደ ቱርዲስ ያለች ልጅ!» ሲል፣ ምርቃቱን ዋጥኩት።
መጋቢት ላይ፣ ሊነጋጋ ሲል፣ ትንፋሹ ቆመ።
ነርሷ ታች ነበረች። ቃጭሉ ከራስጌው ነበር።
አልነካሁትም።
ሳህኑ ላይ ለእሱ የተገዛች አንዲት ብርቱካን ነበረች፤ እሷን ላጥኩ።
ቆሜ በላሁ። ጭማቂው በአገጬ ወረደ።
ሦስት ደቂቃ ሙሉ ጣፈጠኝ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ጣፈጠኝ፤
ከዚያ ወዲያ ነው ለቅሶዬ የተሰማው፣ ነርሷ የደገፈችኝ።

ቀና ስል፣ ጥላዬ እንደ ነበረች ነበረች፤
ጣሪያው አልተደረመሰም፤ ፋኖሷ ትንሽ ጭስ ተፋች።
የገዛ እጄን ግን ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተትኩት፣
ዘጠኝ ዓመት፣ እሑድ እሑድ፣ በመዝሙር ያጠብኩት።

«ሌላስ?» ያለችኝ መሰለኝ። ሌላማ፣ ሻንጣው አለ፤
አልጋ ሥር፣ ቡናማ፣ አንዱ መቆለፊያው የዛለ።
በሃያ ዓመቴ ያሰናዳሁት፦ ሁለት ቀሚስ፣ አንድ የኖታ ደብተር።
ሐሙስ ሐሙስ የፖስታው መርከብ ሲመጣ፣ ወደቡ ላይ ስገተር
ደብዳቤ የሚልክልኝ እንኳ ሰው አልነበረም።
መርከቡ ሲያፏጭ ጉልበቴ ይርዳል፤ «ብርዱ ነው» እላለሁ።
የፈራሁት ባሕሩን አይደለም።
ሄጄ ማልቀስን፣ ሄጄ መክሳትን አልነበረም፤
ሄጄ ደስ ብሎኝ፣ ማንንም ሳልናፍቅ መኖርን ነበር።

ጥር ላይ፣ ለሰባት ደቂቃ፣ ፀሐይ በተራራው ጥርስ መካከል ወጣች።
ልጆች ከትምህርት ቤት ተለቀው ጮኹ፤ እህቴ ሲግኔ ክሬም የሞላው ዳቦ አመጣች።
ሁሉም ፀሐይዋን ያያል። እኔ ጀርባዬን ሰጠኋት፤
ጥላዬን ፈለግኋት።
ቀጭን፣ ረዥም፣ ሰማያዊ፣ በረዶው ላይ ተዘርግታለች፤
ቁልቁል ወርዳ፣ የዓሣውን ቆጥ አልፋ፣ ወደቡን ተሻግራለች።

ሐሙስ ነበር።
ቲኬት አልቆረጥኩም። ሻንጣውም አልጋ ሥር ነው።
ሲግኔ «ምን ታያለሽ?» ስትል «ምንም» አልኳት፤ ልማድ ነው።
እግሬ በረዶ ውስጥ ቆሟል፤
የጥላዬ ራስ ግን መሰላሉን ወጥቶ፣ መርከቡ ላይ ተሳፍሯል።