ጭልፋ ነው አሉኝ

ሊዮን በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት፣
ከሶን ወንዝ ዳር፣ ከምድር በታች ማጀት፣
ማዳም ኦዲል ቋንቋ ጀመረች ልታስተምረኝ፤
ሰሌዳ የላት፣ ጠመኔ የላት፣ ዕቃ እያነሳች ነው የጠየቀችኝ።
ወንፊቱን ከፍ፤ ስሙን እጠራለሁ።
መክተፊያውን ከፍ፤ ስሙን እጠራለሁ።
ስሳሳት በሹካ ጀርባ ጣቴን ትመታለች፣
ስመልስ ከዳቦው ጫፍ ቆርሳ ትሰጣለች።

አንድ ምሽት ከግድግዳው፣ ከሚስማሩ ላይ፣
ጭልፋ አወረደች፤ እጀታው ክንድ ሙሉ፣
ሆዱ እንደ ጠገበ ዳኛ የተገፋ ወደ ላይ።
«ሉሽ» አለችኝ። «ሉሽ» አልኳት።
እንዲህ የቀለለ ቃል አላየሁም፤ እንደ ሾርባ ዋጥኳት።
ያን ሌሊት ምላሴ ላይ አደረች፣ ከነእጀታዋ።

ኅዳር ነው። ጉም። ከጊዮቲዬር ድልድይ ራስ
ሁለት ፖሊሶች አስቆሙኝ ከሥራ ስመለስ።
ወረቀቴን አዩ፣ ፊቴን አዩ፣ ደግሞ ወረቀቴን፤
ሽንኩርት ይሸታቸዋል ብዬ ኪሴ ከተትኩ እጄን።
ይኼን ጊዜ አጭሩ ወደ ረጅሙ ጠጋ፣
«ሉሽ ነው» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በር እንደሚዘጋ።

ሰማኋት! አወቅኋት! የእኔዋ ቃል ናት!
ከዚያ ሁሉ የማይገባኝ ጎርፍ መሃል ተንሳፍፋ አገኘኋት።
«ዊ፣ ዊ! ሉሽ!» አልኩ፣ በደስታ ደረቴን መትቼ፣
በባዶ እጄ ከጉሙ ሾርባ ቀድቼ፣
ለአጭሩ አንድ፣ ለረጅሙ አንድ፣ ሳላጓድል ሰጠሁ፤
ጨው ይጎድለዋል እንዳይሉኝ ጣቶቼን በአየር አሸሁ።
ተያዩ።
ሌላ አርባ ደቂቃ ብርድ ላይ ቆየሁ።

በነጋው ሴይዱ፣ የማሊው ልጅ፣ ከሳህን ክምሩ ጀርባ፣
ስነግረው ሳቀ፤ ሳቀ፤ ዓይኑ እስኪያነባ።
«ወንድሜ፣ ጭልፋ መስሎህ ነው? ስድብ እኮ ነው ያሉህ፤
ሉሽ ማለት ዓይኑ የተንሸዋረረ፣ ቀጥ ብሎ የማያይህ፣
ውስጡ ያልጠራ፣ የመጣበት መንገድ የማይታወቅ፣
ሰው ባየው ቁጥር ቦርሳውን ጠበቅ...»
አለና ድንገት ሳቁን ተወው።
ቧንቧው ብቻ ቀጠለ።

ጭልፋ ግን ምን በደለ? ስል ዋልኩ፣ ድስት ስፈትግ፤
ከድስት ወደ ሳህን ሲመላለስ ዕድሜውን የሚፈጅ፣
ለራሱ አንድ ጠብታ የማያስቀር ገራም ልጅ!
ወዲያው የራሴ ቋንቋ ጎተተኝ በጆሮዬ፤
«አንተስ ቤት መች ንጹሕ ነው?» አለኝ፣ «ስማ፣ ጌታዬ፤
ጭልፋ ስትል ምላስህ ቢያዳልጥ ጭልፊት ይበርራል፤
ሌባውስ በእናትህ ቋንቋ ምን ያደርጋል? ይሞጨልፋል።»
ዝም አልኩ።
ያን ፖሊስ ግማሹን ማርኩት፤ ግማሹን ገና ነኝ።

በጥር ቃለ መጠይቅ። ሞቃት ቢሮ፣ የደረቀ አበባ፤
አስተርጓሚው መንገድ ተዘግቶበት ገና አልገባ።
«መቼ ተወለድክ?» እናቴ የምታውቀው ገብስ መታጨዱን፣
የጎረቤታችን ላም የሞተችበትን ሰሞን እንጂ፣ መች ቀኑን!
ማዳም ጨው ሳትመዝን ስትጥል የምትላት ትዝ አለችኝ፤
«አ ላ ሉሽ» አልኩ። በጭልፋ፣ በግምት። ሌላ ምን አለኝ?
ብዕሯ ቆመ። ከንፈሯ ዳር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤
ሳቅ ይሁን ጥርጣሬ፣ እኔ ጋ ሳይደርስ ተመለሰ።
የመንገዱን ሰባት ዓመት ጨለፍ አድርጌ ነገርኳት፤
ከታች ያረረውን ግን አላወጣሁላትም።

አሁን ጭልፋውን ሳጥብ ሆዱ ውስጥ አያለሁ ራሴን፣
ተዘቅዝቄ፤ ጀርባውን ሳዞር ቀጥ ብዬ፣ አግዝፎ አፍንጫዬን።
የቱን ይሆን ያ ሰውዬ በጉም ያየው?

ብቻ ማዳም ከምድጃው ማዶ፣ እንፋሎት ውስጥ ሆና፣
«ሉሽ!» ብላ ስትጣራ፣ እላለሁ ቀና፤
አቤት ልል ምንም አይቀረኝ።
ከዚያ ነው ጭልፋውን የማቀብላት።