ጎሽ

አባቶች በጅማ በፈረሳቸው ስም ነበር የሚጠሩ፤
ፈረሱ ቢሞት እንኳ፣ ስሙን ይዘው ነው የሚቀበሩ።

ነዚፍ ፈረስ አልነበረውም፤ የነበረችው ሞተር፣
ከቆጪ እስከ አጂፕ አቧራ የምታስነሳ፣ የምትሰማ ከሩቅ ሰፈር።
ሳልባትዮዋ ላይ ቀይ መደብ፣ ቀንዱን የቀሰረ ጎሽ፣
ከሥሩ በነጭ ፊደል የሲጋራው ስም፦ «ጎሽ»።
የሣልኩት እኔ ነኝ። እጄን አላማም፤
እንዲያ ያለ ቀንድ ዳግም ከብሩሼ አልወጣም።

እሑድ፣ ከግብርና ኮሌጁ ጀርባ፣ ጭቃው ሲደርቅ በጥቅምት፣
ሰው አጥር ላይ ይሰፍራል፣ ልጅ ዛፍ ላይ፣ ጫት የያዘው ጥላ ባለበት።
ነዚፍ ኩርባው ላይ ሲተኛ፣ ጉልበቱ መሬት ሊነካ ሲል፣
«ጎሽ! ጎሽ!» ይላል ሕዝቡ፣ ቆርቆሮው ከሚስማሩ እስኪነቀል።
ለነዚፍ ነው? ለሲጋራው?
ማን ለይቶ ያውቃል፣ ሁለቱ ባንድ ሲወጡ ከአቧራው።

የኩባንያው ሰው ምሕረተአብ ግን ያውቃል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ይሰቅላል፣
ጩኸቱን እንደ ብር ሲቆጥር ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።
ጎማ በእሱ፣ ቤንዚን በእሱ፣ ለነዚፍ እናትም የመድኃኒት፤
ዛፍ ላይ ላሉት ልጆች ኮፍያ፣ ቀንድ ያለበት።

«አባ ጎሽ» አሉት ሽማግሌዎቹ፣ እየሳቁ፤
ፈረስ ቢጠፋ ዘንድሮ፣ ወጉን ከሞተር አስታረቁ።

ከዚያ አዋጁ መጣ።
መሰላል ላይ ነበርኩ፣ የመድኃኒት ቤት ታፔላ ስጽፍ፤
«ስፖንሰር መሆንም ክልክል ነው» አለ ሬዲዮው፣ የ«ኃ»ን እግር ሳላጥፍ።

ምሕረተአብ ማታውኑ መጣ።
«ፊደሉን አጥፋ» አለኝ፣ «ቀዩን ተወው፣ ቀንዱንም ተወው፤
ልጆቹ ክፍት ቦታ መሙላት ያውቃሉ፣ የቀረውን ዓይናቸው ነው የሚሞላው።»
«ጎ»ን አጠፋሁ፣ «ሽ»ን አጠፋሁ። ሁለት ፊደል።
ስጽፍ ከተከፈለኝ፣ ሳጠፋ የወሰድኩት ይበልጣል።

በሚቀጥለው እሑድ በባዶ ቀይ ወጣ ነዚፍ፤
ሕዝቡ «ጎሽ!» አለ፣ እንደ ወትሮው፣ እሱ ሲያልፍ።
አጠገቤ አንድ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ፊደል ያልዘለቀው፣
ባዶውን ቀይ እያየ፣
«ጎሽ ይላል» አለኝ።
አነበበው።

«ጎሽ» የእኛ ቃል ነበር፤ ለልጅም፣ ላራሽ በሬም የምንለው፤
ሳንሸጠው ተገዛ። አሁን ማን ይመልሰው?

ነዚፍ አጭሶ አያውቅም፤ እኔ ነኝ ያጨስኩ፤
ጎሹን የሣልኩ እኔ፣ ሌሊቱንም የሳልኩ።

ከቀበሌ በር የተረፈ አረንጓዴ ነበረኝ፣ ግማሽ ጣሳ፤
«ልቀባው?» አልኩት በማግሥቱ። ዝም ብሎ ሳልባትዮዋን ዳበሰ፣ እንደ ፈረስ ሬሳ።
«ጎማውን ማን ይገዛል?» አለ ቆይቶ።
መልስ አልነበረኝም።
ቀባሁት። ቀዩ በሁለት እጅ ቀለም አልሸፈን አለ፣ ሦስተኛ ደገምኩ፤
ቀንዱ ጋ ስደርስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ብሩሼን ይዤ ቆምኩ።

ዓመቱን አልጨረሰም። ሞተሯን ሸጠ፣ ባጃጅ ያዘ በዱቤ፤
ከሕርማታ አጂፕ፣ ከአጂፕ ሕርማታ፣ በክረምቱ ዝናብ።
ባለፈው ሐሙስ በሬ ላይ አቆማት። «ከኋላ ጻፍልኝ» አለ፣
«ሁሉም የሚያጽፈው አለው፣ የእኔ ብቻ ባዶ ዋለ።»
«ምን ብዬ?»
«ስም ነዋ።»
«የትኛውን?»

ሳቀ። ግንባሩን አከከ። ወደ መንገዱ አየ፣
አንድ ነገር ሊለኝ ሲል መልሶ ተወው፣ ዘገየ።
ከውስጥ የተሳፈረች፣ እርጎ በጀሪካን የያዘች ሴትዮ፣
«ኧረ አባ ጎሽ፣ ረፈደ!» አለች።

ብሩሼ በአየር ላይ ነው፤
ነጩ ቀለም ጫማዬ ላይ ይንጠባጠባል።