ሃያ ሰባት ከሃያ አራት

መምህር ጓንጉል በጥቁር ሰሌዳው ላይ፣
አንድ ዳቦ ስሎ፣ ለአራት ከፍሎ ሲያሳይ፣
«ቆርሰህ ብትደምረው ዳቦው ያው ዳቦ ነው፣
ከሙሉ የሚበልጥ ድርሻ የትም የለው።»

ጦሳ በመስኮቱ ጉም ለብሶ ይታያል፣
የክፍሉ ልጅ ሁሉ አጎንብሶ ይጽፋል።
እኔ እጄን አወጣሁ።
«መምህር፣ ይበልጣል።»

ሳቁብኝ። አይፈረድም፤
የእነሱ አባት እህል ጭኖ በሐረጎ ጉም
ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ ፍሬኑ አልከዳውም።
ሚስት፣ ሁለት ሴት ልጆች፣ እናትና አባት፤
አምስት ወራሽ ቆሞ፣ አንድ አይሱዙ ለሀብት።

በአርባው ማግስት ሸኽ እብሬ ከሸዋ በር መጡ፣
ሸራ ጫማቸውን በር ላይ አስቀመጡ።
የፈራኢድ ኪታብ ከጉያቸው ወጣ፣
ጠርዙ በደረሳ ጣት ተልጦ የነጣ።
ለሚስት ስምንተኛ፣ ለልጆች ሁለት ሦስተኛ፣
ለአባት ስድስተኛ፣ ለእናት ስድስተኛ፤
አያቴ በተስቢሑ ፍሬ ሲቆጥር ነበረ፣
ሃያ አራቱ አልቆ ሦስት ፍሬ ጨመረ።

«ሸኽዬ፣ አልበቃንም» አለች እናቴ።

«አልበቃም ተብሎ ወራሽ አይባረር፣
ማካፈያው ያድጋል፣ ዐውል ነው ይህ ነገር፤
ሃያ ሰባት አድርጉት፣ ሁሉም ትንሽ ይጉደል፣
ሁሉም ትንሽ ሲጎድል አንዱ አይቀርም ከመካፈል።»

አይሱዙው ተሸጠ፣ ሁለት መቶ ሰባ ሺህ።
የእናቴ ስምንተኛ ዘጠነኛ ሆነች፣
አንገቷን አቀርቅራ፣
«እሺ» አለች።

ይኸን ነው የጻፍኩት ሰሌዳው ጋ ወጥቼ።
ጠበቅሁት፣ አቧራውን ከጣቴ ነፍቼ።
መምህር ጓንጉል አልሳቀም፤
አልመለሰም።

ቅዳሜ ከአሱር በኋላ ያ የሂሳብ ሰው
ከመድረሳው ደጃፍ ጫማውን አወለቀው፤
ማተቡ ባንገቱ፣ ደብተር በብብቱ፣
ለውሑን አዞሩት ሸኽ እብሬ ወደ ፊቱ።
መግሪብ እስኪል ድረስ ሁለቱ ተጣሉ፣
ጻፉ፣ አጠፉ፣ እንደገና አሰሉ፤
ሽማግሌው ስለ ነጥብ ቁጥር ደጋግመው ጠየቁ፣
ውዱእ ባረጠበው ጣት ካልኩሌተሩን ነክተው ሳቁ።

እኔ ጥግ ይዤ ቀኔን ቆጠርኩ።
ለእንቅልፍ ስምንት፣ ለትምህርት ቤት ስምንት፣
ለሸኼ ኪታብ አራት፣ ለእናቴ ሱቅ አራት
(ሰኞ ገበያ ጥግ፣ ጨውና ሳሙና)፣
ለቤት ሥራ ሦስት።
ሃያ ሰባት።

ዘመድ «አንዱን ተይው» አለኝ።
አጎቴ «ፊዚክሱን»፣ ጎረቤት «ኪታቡን»፤
እንቅልፍ ብቻ ነበር ጠበቃ ያጣ።
መምህር ጓንጉል ነው የሰዓቴን ልክ ያወጣ፦
«መኪያ፣ ሃምሳ ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ፤
ያንቺ ሰዓት ይህ ነው፣ አትልቀቂ አንድም አንድ።»

ስለዚህ ነው የምሮጠው።
ስለዚህ ነው ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር
በአንድ ትንፋሽ የማነበንበው፦
«ነሰረ፣ የንሱሩ፣ ነስረን፤
ፍጥነት ማለት ርቀት ሲካፈል ለጊዜ።»
መንገደኛ ዞር ብሎ ያየኛል።
ይየኝ። ምላሴ አንድ፣ መንገዱም አንድ ነው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም እስካሁን፦
ሁሉም ትንሽ ሲጎድል፣ የሁሉም ትንሽ እኩል አይሆን።
ከሠላሳ ሺህዋ፣ ከዚያች ዘጠነኛ፣
እናቴ ትናንት ማታ፣ እኛ ሳንተኛ፣
ሦስት ደብተር፣ አንድ ኮምፓስ፣ አንድ የነሕው ኪታብ
በፌስታል ጠቅልላ ከራስጌዬ አኖረች።
«ይሄ የማን ድርሻ ነው?» ብላት፣
«አጥኚ» አለች።

ኪታቡን ገለጥኩ፣ ደብተሬን ገለጥኩ፣
ይህን የሚያሰላ አንድም መስመር አጣሁ።
መብራት ሄደ። ጦሳ ላይ ዝናብ ጀመረ።
ሻማ ስፈልግ፣
በእሷ እጅ፣ ቀድሞ፣ ተለኩሶ ነበረ።