ወደ እናቴ ያደላ ውሃ

አባቴ ሙሜ ባትሪ ጠጋኝ ነው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፤
ሱሪው ጉልበቱ ላይ ወንፊት ሆኗል፣ ብርሃን የሚያስገባ።
እናቴ ረምላ የጀጎል ልጅ ናት፤ ዒድ ሊገባ ሲል
ኖራ በጥብጣ ግድግዳ ትቀባለች፣ ጣቷ እስኪቆስል።

ልጅ ሆኜ የሚበላው አሲድ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤
ኖራ ነጭ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ማንን ይነካል በምድር?
አንዱ ምላስ ላይ ሎሚ ነው፣ ፊት ያኮማትራል፤
ሌላው፣ ቤዝ የሚሉት፣ እንደ ሳሙና ጣት መሀል ይንሸራተታል፤
ሁለቱም ግን ሥጋ ያውቃሉ።

አንድ የግንቦት ቀትር፣ ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ፣
ጀሪካኑ ተደፋ፤ አሲዱ የአባቴ ክንድ ላይ ወጣ።
እናቴ የኖራ ባልዲዋን አንስታ ስትበር
(«አንዱ ሌላውን ያበርዳል» ያላት እሱ ራሱ ነበር)
«ተይው!» ብሎ ጮኸ፣ «ውሃ! ውሃ ብቻ!»

አሲድና ኖራ ሲታረቁ ዝም ብለው አይታረቁም፤
ትኩሳት ያነሣሉ፤ መሀል የገባውን አይምሩም።
ግማሽ ሰዓት ሙሉ ከበርሜሉ እየቀዳን አፈሰስን፤
ውሃ በፈረቃ ነበር፤ የሳምንቱን ጨረስን።

ዛሬ የውሃ ቤተ ሙከራ ነው የምውለው፤
የሳቢያን ጉድጓድ ጠርሙስ በጠርሙስ ይመጣልኛል።
ተማሪዎች ሲጎበኙን ከርከዴ አፈላላቸዋለሁ፤
ለመጠጥ አይደለም።
ሎሚ ጠብ ሲልበት ደም ይመስላል፤
የአመድ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ይሸሻል።
«ስንት ነው?» ይላሉ። ፒኤች፣ ከዜሮ እስከ አሥራ አራት።
ሰባት መሀል ሜዳ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ግን
ደረጃው እንደ ቤታችሁ ደረጃ አይደለም እላቸዋለሁ፦
ከሰባት ስድስት አሥር እጥፍ ይኮመጥጣል፣
አምስት መቶ እጥፍ፤
ቁጥሩ አንድ ሲራመድ ቃጠሎው ይጋልባል።
ይጽፋሉ። አንዷ ብቻ ከርከዴውን ስትቀምስ ያዝኳት።

ዛሬ የመዘገብኩት ሰባት ነጥብ አራት ነው፤
ትንሽ ወደ እናቴ ያደላል።
ቤት ስገባ ማንቆርቆሪያውን ከውስጥ ነጭ ቀብቶታል፣
ዒድ ሳይደርስ።
አባቴ፣ ጠባሳው ክንዱ ላይ እንደ ካርታ ተዘርግቶ፣
ኮምጣጤ ያፈስበታል።
ሽሽሽ ይላል።
«ምንድነው?» ትላለች እናቴ ከጓዳ።
«አንቺ ነሽ» ይላታል።